የጋሽ ይውጣ ምላስ

ጋጋሪው የመጀመሪያውን ዳቦ ከምድጃው አውጥቶ ለሁለት ገመሰና ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ትናንት ሐኪሙ ፊት ምን ብለህ ነው የማልከው?»

«መቅመስ መብላት ነው እንዴ?»

«ግማሽ ዳቦ ሲሆን፣ አዎ፣ መብላት ነው!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሠራው። ከየጠዋቱ የመጀመሪያ ዳቦ ግማሹን ባዶውን ይበላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጣል፣ ከዚያ «ይውጣ!» ይላል። ያቺ ቃል ሳትሰማ አንድም ዳቦ ወደ መሸጫው አያልፍም። ሰፈርተኛው እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ረስቶ ጋሽ ይውጣ ነው የሚለው። አሁን ግን ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ጣራ ነክቷል። ባለፈው ሳምንት የጋለ የዳቦ ትሪ እግሩ ላይ ወድቆ ቆዳው ሲላጥ እንኳ ያወቀው ሚስቱ ስትጮህ ነው። በዚህ ከቀጠለ እግሩን እንደሚያጣ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሮታል።

ሚስቱ የምሳ ዕቃውን ከፈተችለት። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጎመን፣ ግማሽ አቮካዶ፣ አንድ ጭብጥ ለውዝ። የሐኪሙን ወረቀት በአንድ ሌሊት በቃሏ ይዛዋለች።

«ዳቦ የለ፣ ሩዝ የለ፣ ድንች የለ። ከመሬት በላይ የሚበቅለውን ብላ ነው ያለህ።»

«ስንዴስ ከመሬት በታች ነው የሚበቅለው?» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አልሳቀም። የፈራው ረሃቡን አልነበረም፤ እንቁላልና ዓሣ በልቶ የሞተ የለም። ግን ዳቦውን የማይቀምስ ጋጋሪ ምኑን ጋጋሪ ሆነ? ሌላ ሰው «ይውጣ» ማለት ከጀመረ፣ እሱ በገዛ ቤቱ ዱቄት ተሸካሚ ሆኖ መቅረቱ ነው።

«እሺ፣ ቅመሺና ንገሪኝ» አለ በመጨረሻ፣ ግማሹን ዳቦ እያቀበላት። እንደማይሆንላት እርግጠኛ ነበር።

ቆርሳ ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች። ዋጠችና የቀረውን ዳቦ አገላብጣ አየችው።

«ምነው? ዳቦ ነው እኮ፣ ፈተና አይደለም።»

«ጨው በዝቶበታል።»

«ይሄ እጅ ሠላሳ ዓመት ጨው ሲሰፍር ኖሮ ዛሬ ተሳሳተ?»

የቀረውን ዳቦ ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ይህ አስደነገጠው።

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«ከዓመት በላይ ሆነው» አለች መሬት መሬት እያየች። «ደንበኛ ሲያማርር ዱቄቱ ተቀይሮ ነው እላለሁ። ምላስህ መክዳቱን ባውቅም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ‹ይውጣ› ስትል ፊትህ እንዴት እንደሚበራ አንተ አታየውም። እኔ ነኝ የማየው። ያን ብርሃን እንዴት አድርጌ ልንጠቅህ?»

ቅስሙ ስብር አለ። የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። የሸሹትን ደንበኞች አንድ በአንድ አሰበ፤ መንገድ ማዶ የተከፈተውን አዲስ ዳቦ ቤት ስንት ቀን እንደረገመው አሰበ። ሚስቱ እንቁላሉን ልጣ ሰጠችው። ተቀብሎ በላ። ጨው የለውም ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ከውጭ የመሸጫው መስኮት ተንኳኳ። ሁለቱም ትሪው ላይ የተደረደሩትን ዳቦዎች አዩ።

«አይውጣ» አለ።

ተነሥቶ ለአዲስ ሊጥ ዱቄቱን ማቡኪያው ውስጥ ገለበጠ፣ ውሃውን አፈሰሰ። ከጨው ጆንያው እንደ ልማዱ አንድ እፍኝ ዘገነ። ሊበትነው ሲል ቆመ። ዞሮ መዳፉን ዘረጋላት።

ከመዳፉ አንድ ጊዜ ቆንጥራ ወደ ጆንያው መለሰች። ደግማ ቆነጠረች። ሦስተኛውን ይዛ ጥቂት አሰበችና፣ መልሳ መዳፉ ላይ አደረገችው።