የማይም እናት ወንበር

የትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪ በሩን ሲያንኳኳ አስካለ ሰፌድ ይዛ ምስር እየለቀመች ነበር።

ያ ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤት ከየዓይነቱ ቤት ልጅ ይወስዳል። የአስካለ ልጅ ትርሲት የገባችው ማንበብ የማትችል እናት ላላቸው ልጆች በተያዘው ወንበር ነው። እናትየዋ ፊደል ከለየች ልጅቷ ትባረራለች፤ ተቆጣጣሪው በየጊዜው የሚመጣው ይህንኑ ሊፈትን ነው። አስካለ ደግሞ ልጇ ጮክ ብላ ስታጠና አጠገቧ እየተቀመጠች፣ ሳታስበው ፊደሉ ገብቷት ቀርቷል።

«ያው የተለመደችው ናት፣ እናቴ» አለና ተቆጣጣሪው መነጽሩን አስተካከለ። መነጽሩ ፊቷ ላይ አንዲት ጅማት ብትነቃነቅ ይመዘግባል። ወረቀት ዘረጋላት። ባለፈው «ቤትዎ እየተቃጠለ ነው» ይል ነበር፤ ጉንጯን ከውስጥ ነክሳ አልፋዋለች።

የዛሬው «ልጅዎ ትርሲት ትናንት አርፋለች» ይላል።

ትርሲት እሑድ ስትደውል ትኩሳት ይዟት ነበር።

አስካለ ወረቀቱን ዘቅዝቃ አየችው። «ምን ይላል፣ ልጄ? የቀበሌ ስብሰባ ነው?» አለች ፈገግ ብላ።

«ምንም አይደል፣ ፎርም ነው። አልፈዋል።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ልጄስ ደህና ናት?» ልትል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ጠይቃው አታውቅም፤ ዛሬ ብትጠይቅ ማንበቧን ማመኗ ነው። ዋጠችው፤ በሩ ድረስም ሸኘችው።

ማክሰኞ ነው። ትርሲት የምትደውለው እሑድ እሑድ ብቻ ነው።

አስካለ ተመልሳ ሰፌዷን አነሳች። ምስሩን እየለቀመች ወደ ቆሻሻው ወረወረች። ሰፌዱ ላይ ጠጠሩ ብቻ ሲቀር፣ አጥባ ድስቱ ውስጥ ጨመረችው።