ከሩቅ የሚዘጋ ዲቫይደር

ሰምሀል ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ካለው የጀላል የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የገባችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዲቫይደር ፈልጋ ነበር። የቤታቸው አሮጌ ዲቫይደር እሳት መትፋት ከጀመረ ወዲህ ባሏ ቱሉ «አንድ ደህና ነገር ግዢ እንጂ» እያለ ሲጨቀጭቃት ሁለት ወር አልፏል። ሁለት ወር ሙሉ የረሳችው ነገር ዛሬ ትዝ አላት።

ጀላል ሁለት ዓይነት አወጣላት። አንዱ ስድስት ሶኬትና አራት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ሌላው አነስ ይላል፤ ሦስት ሶኬትና ሁለት ዩኤስቢ ብቻ ነው፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። ሁለቱም በስልክ ይታዘዛሉ።

«ትልቁን ውሰጂ እህቴ» አላት። «የትም ሆነሽ ታጠፊዋለሽ። ብቻ ቤት ዋይፋይ ይኑር።»

«ዋይፋዩ ራሱ ቢጠፋስ?»

«እንደሱ ከሆነ ትንሹ ይሻልሻል። በብሉቱዝም ይሠራል፣ እዛው ቤት ውስጥ ካለሽ።»

«ቴሌቪዥኑ ሳይጠፋ ዩኤስቢውን ለብቻው መዝጋት ይቻላል?»

«እያንዳንዱ ለብቻው ነው።»

«መብራቷስ? እ... ማለቴ፣ ሲዘጋ ያስታውቃል?»

ጀላል ቀና ብሎ አያት። «ዋናዋ መብራት አትጠፋም። የሰካው ሰው እየሞላለት ነው የሚመስለው።»

«ትንሹን ስጠኝ» አለች። ዋጋ አልተከራከረችም።

ጀላል በዚህ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ዋጋ የማይከራከር ሰው አንድ ጉድ አለበት ብሎ ያምናል። አፑን ስልኳ ላይ እየጫነላት ሳለ ጥሪ ገባ፤ ስክሪኑ ላይ «ያዕቆብ» የሚል ስም መጣ። ስልኩን ከእጁ መንጭቃ ደጅ ወጣች። እሱም ባንኮኒ እንደሚወለውል ሆኖ ጆሮውን አቀና።

«እስካሁን አልሰማም» ስትል ሰማት። «ስልኩ ከሰዓት በኋላ ሁሌም ባትሪ ይጨርሳል፤ ሥራ ቦታው ቻርጅ ማድረጊያ የለም። ማታውን እኔ አውቅበታለሁ። አንተ ብቻ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት እንዳታረፍድብኝ።»

ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። ጀላል በልቡ ፍርዱን ጨረሰ። ምስኪን ባል፣ አለ።

ያዕቆብ የቱሉ አብሮ አደግ ነው። በሠርጋቸውም ሚዜ ነበር።

ሰምሀል ጉለሌ ከሚገኘው ቤቷ እንደደረሰች አሮጌውን ዲቫይደር ነቅላ አዲሱን ሰካች። በአንዱ ሶኬት ቴሌቪዥኑን፣ በሌላው ራውተሩን አደረገች። ከዚያ ቦርሳ አውጥታ ልብሷን ከተተች። የቱሉን ወፍራም ጃኬትም ከላይ ጨመረችና ቦርሳውን አልጋ ሥር ገፋችው። በሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ ቱሉን እንዲህ ያለ ነገር ደብቃው አታውቅም።

ቱሉ ከሚሠራበት የብረታ ብረት ወርክሾፕ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገባ። አዲሱን ዲቫይደር ሲያይ ድካሙ ጠፋ።

«ሰሚዬ! ከየት አገኘሽው?» የሞተ ስልኩን ኬብል ዩኤስቢው ላይ ሰካ። «በቃ፣ ከእንግዲህ የቻርጀር ራስ አልገዛም!»

ሰምሀል ወጥ ቤት ሆና የስልኳን ስክሪን ሁለት ጊዜ ነካች። ዩኤስቢው ተዘጋ፤ ራውተሩም ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ወሬውን ቀጠለ።

«እስኪነሳ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ና ብላ» አለች።

የሚወደውን የቋንጣ ፍርፍር ነበር የሠራችው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?»

«ምንም። ጠግበህ ብላ።»

አጎረሳት። ከዚያ በቴሌቪዥን የመጣ ቀልድ ሲያይ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እሷ ታየዋለች። ሁሉን እያወቀች ተቀምጣ እንዲህ እንዲስቅ መተዋ ከምንም በላይ አሳፈራት። ነገ ይህን ሳቅ ሲያስታውስ ምን ይላት ይሆን? አሁኑኑ ልንገረው ብላ አፏን ከፈተች።

«ይሄ ስልክ አልነሳ አለ እኮ» አለ ቱሉ። «ያንቺን ስጪኝ እስኪ፣ ለያዕቆብ ልደውል። ቅዳሜ መኪናውን ያውሰንና ሱሉልታ እማዬን አይተናት እንምጣ።»

«ካርድ የለኝም» አለች፤ ቶሎ ብላ። «ያዕቆብን... ነገ ታገኘው የለ?»

«ምን ሆነሻል ዛሬ? ደክሞሻል መሰለኝ።»

ግንባሯን ሳማት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

እሱ እንደ ልማዱ በጊዜ ተኛ። እሷ ልብሷን ሳታወልቅ አጠገቡ ጋደም አለች።

ሊነጋጋ ሲል፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ቱሉ ቀድሟት ተነሳ።

«ያዕቆብ? በዚህ ሰዓት ምን ትሠራለህ?»

ያዕቆብ ዓይኑን ሰበረ። ቱሉ ዞር ብሎ ሚስቱን አየ። ለብሳ፣ ጫማዋን ተጫምታ ከኋላው ቆማለች። ፊቱ ተለዋወጠ። አንዴ ጓደኛውን፣ አንዴ እሷን ያያል።

«ሰምሀል? ምንድን ነው ይሄ?»

«ይቅር በለኝ» አለች። «ትናንት ቀን ነው ያወቅሁት። እንድነግርህ አልፈቀዱልኝም።»

ያዕቆብ ከበሩ ገለል አለ፤ ከሱሉልታ የመጡት የእናቱ እድርተኞች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ በአንድ ወደ ግቢው ገቡ።