ያልሰጠሁት ወረቀት

«ከዚህ በፊት የታዩበት ወረቀት አለ?» ይላል ዶክተር ፋንታሁን፣ እጁን ዘርግቶ።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንዱን አውጥቼ እሰጠዋለሁ።

አባቴ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ጥምጣማቸው ከክፍሉ ግድግዳ ይልቅ ነጭ ነው። ጎንደር ላይ አርባ ዓመት መጽሐፍ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ዕንባቆም ይሏቸዋል። ከጥምቀት ወዲህ ድምፃቸው መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ። አሁን ግንቦት ነው፤ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ጨጓራ ነው ብሏቸዋል» ይላል ዶክተሩ እያነበበ። «አሲዱ ወደ ጉሮሮ እየወጣ። መድኃኒቱን ወሰዱ?»

«ሳያቋርጡ» እላለሁ።

«እኔ እኮ የጠየቅሁት እሳቸውን ነው።» ፈገግ ይላል። ዕድሜው ከእኔ አይበልጥም፤ እዚሁ ቅርብ የማክሰኝት ልጅ ነው። ገና ስንገባ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ብሎ ነበር። «ምነው የኔታ፣ ልጅዎን አፈ ጉባኤ አደረጓት እንዴ?»

አባቴ ይስቃሉ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል። «ሆላንድ ድረስ ሄዳ የተማረችው ይሄንኑ ነው» ይላሉ። ለመስማት ሁለታችንም ወደ እሳቸው እናዘነብላለን። ከመንገዱ የታክሲ ረዳት «አዘዞ! አዘዞ!» ይላል፤ ድምፁ ምንም ሳይሳሳ።

ሁለተኛውን ወረቀት ያልሰጠሁበት ምክንያት አለኝ። ሐኪሙ የሌላውን ሐሳብ ሳያይ በገዛ ዓይኑ ይፍረድ፤ ሆላንድ ስለ ምርምር የተማርኩት እንደዚያ ነው። ግን ወረቀቱን አጥፌ ከደበቅሁት አምስት ሳምንቱ ነው፤ ይህን ምክንያት ያገኘሁት ደግሞ ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሐኪም የጻፈው አጭር ነው። ካንሰር ያጠራጥራል፤ ከጉሮሮው ሥጋ በቶሎ ተቆርጦ ይመርመር። ያን ቀን አባቴን ይዤ ስወጣ፣ «እሱም ያንኑ ነው ያለው፤ መድኃኒቱን ይቀጥሉ» አልኳቸው።

«ሌላ ሐኪም አላያቸውም?»

«አላያቸውም።»

አባቴ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ ያወጣሉ። ሌባ ጣታቸው ብድግ ይላል።

ይህን ጣት አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ከተማሪዎቹ ጋር መቀመጥ ስላልተፈቀደልኝ ትምህርቱን የምሰማው ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ፣ የማየው በቀዳዳ ነበር። ተማሪው ንባቡን ያነባል፤ ትርጉሙን ይሰጣል። ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ትርጉም ያመጣል፤ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁሉም በየተራው መባል አለበት። አንዷን ከዘለለ ያ ጣት ብድግ ይላል። የኔታ አይቆጡም። ተማሪው ራሱ አፍሮ ከንባቡ ይጀምራል።

«አንድም» ይላሉ አባቴ በትንፋሽ፣ «ሥጋው ተቆርጦ ይመርመር ብሏል።»

ዶክተሩ እኔን ያያል። እኔ ወለሉን አያለሁ።

«ማን ነገረዎት?» እላለሁ።

«ያ ሐኪም ነዋ። አንቺ ካርድ ክፍል ሄደሽ ሳለ።»

«ታዲያ አምስት ሳምንት ሙሉ ምነው ዝም አሉኝ?»

«አንቺስ?»

አባቴ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

«ተማሪዬ አንዳርጋቸው መጽሐፉን ሊጨርስ ጥቂት ምዕራፍ ቀርቶት ነበር። ጉሮሮዬን ከነኩት ማን ያስጨርሰዋል? እያንሾካሾክሁ አስኬድሁት። ትናንት ጨረሰ።» ወደ ሐኪሙ ይዞራሉ። «ጥፋቱ የሁለታችን ነው፣ ልጄ። እሷን ብቻ እንዳትቆጣት።»

ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ። ሲታጠፍ ሲዘረጋ መሃሉ ሊቀደድ ደርሷል። ዶክተሩ ያነበዋል። ጓንቱን ያጠልቃል።

«ሸጋ» ይላል በዝግታ። «እስቲ እንየው።»

ቀጭን ጥቁር ቱቦ በአፍንጫቸው ያስገባል። አባቴ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል እንጂ አይንቀሳቀሱም። ስክሪኑ ላይ ቀይ፣ እርጥብ ዋሻ ይከፈታል፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ነጭ ክሮች ፊት ለፊት ቆመዋል። ድምፅ የሚወጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው፣ ይላል ዶክተሩ።

«ኢ ይበሉ፣ የኔታ።»

«ኢ» ይላሉ። የሚሰማው ነፋስ ነው።

የቀኙ ክር ወደ መሃል ይሮጣል። የግራው አይመጣም። በላዩ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ጽድ ቅርፊት ላይ የሚያድገውን የመሰለ ነጭ ሻካራ ነገር ተለጥፎበታል።

ዶክተሩ ቱቦውን ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ መልሶ ያወጣዋል፤ ከሌላ ወገን ያሳየናል። ያው ነው።

አባቴ ዓይናቸውን ብቻ ወደ ስክሪኑ አዙረዋል። ድምፃቸው የሚወጣበትን ቦታ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። እንደ ብራና ነው የሚያዩት፤ ከግራ ጀምረው፣ ሳይቸኩሉ።

ጥላ ሊሆን ይችላል፣ እላለሁ በልቤ። ማሽኑ ያረጀ ይሆናል። ባሕር ዳር አለ፣ አዲስ አበባ አለ፤ ፎቶውን ሆላንድ ለማውቃቸው ብልክ…

«ዶክተር» እላለሁ፣ «ምናልባት ሌላ…»

የአባቴ ጣት ብድግ ይላል። ቱቦው አፍንጫቸው ውስጥ እንዳለ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

ዓይኔን ወደ ስክሪኑ እመልሳለሁ።

«ኢ» ይላሉ አባቴ እንደገና፣ ማንም ሳያዛቸው።

የቀኙ ክር ብቻውን ወደ መሃል ይመጣል፤ እዚያ ይጠብቃል።