ቀስ አድርጎ ማሳረፍ

ብረቱ ከአናቱ በላይ ደርሶ ሲመለስ ከእጁ አመለጠ። ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞሉ የቀለም ጣሳዎች የተተከሉበት የመኪና ዘንግ ወለሉን ሲመታው ግድግዳው ተርገፈገፈ፤ መደቡ ላይ ያስደገፈው ስልክም በአፍጢሙ ተደፋ። ሜካኒኩ ስልኩን አነሳ። ከደሴ በስልክ የሚያሰለጥኑት ሰውዬ ከተያዩ ዓመታት ቢያልፉም፣ ወገቡ ሲጎብጥ ከአተነፋፈሱ ያውቁበት ነበር። ስልጠናውንም ለእሱ ቤት እንዲስማማ አድርገው ነው ያወጡለት። የታመመች እናቱ ከመጋረጃው ወዲያ ስለምትተኛ ብረት መጣል የለም፤ እስከ መጨረሻው ይዞ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ነው። ጡንቻ ያወጣውም በዚሁ ቀስ በማለት ነበር።

«እናትህን ቀሰቀስካቸው እኮ» አሉት ቆጣ ብለው።

መጋረጃው ተጠቅልሎ ታስሯል፤ አልጋው ላይ ፍራሽ የለም። የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ ሳምንት ሆኖታል። ከውርጌሳ እስከ ሐራ የሰማ ዘመድ ሁሉ እዚህ መርሳ ከተማ ድረስ መጥቶ አስተዛዝኖት ሄዷል። ዛሬ ገና ብረት ሳይነካ ሊነግራቸው አስቦ ነበር የደወለው፤ አፉ እምቢ አለው። እናቱ ተኝታለች ብሎ የሚያስብ ሰው በዓለም ላይ የቀረው እኚህ ብቻ ናቸው።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ። «መልሶ እንቅልፍ ወስዷታል።»

ስልኩን መደቡ ላይ አስደገፈና ብረቱን እንደገና አነሳ። ሲመልሰው ትንፋሹን ውጦ፣ ኮሽ ሳያደርግ አሳረፈው።

«እንዲህ ነው» አሉ አሰልጣኙ፣ እሳቸውም በሹክሹክታ።