ቀጭ እስክትል

«አትክፈቺው!» ይላል አባዬ።

«አልከፈትኩም፤ በመስታወቱ ነው የማየው» እላለሁ። እጄ ግን የማስፈልፈያው እጀታ ላይ ነው። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶም እጄን ያያል።

ውስጥ ያሉት እንቁላሎች የኔ ናቸው። ሌላ ጊዜ ሁሉም የአባዬ ነው፣ እኔ አገላባጭ ነኝ። ይኼን ዙር ግን «እስቲ በምላስሽ ሳይሆን በእጅሽ እንይሽ» ብሎ ሰጠኝ። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ መስቀለኛ ምልክት አድርጌበታለሁ። መገላበጥ ስለበቃቸው ትናንት ሁሉንም ምልክታቸውን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛኋቸው። ነገ ጫጩቶቹ ቅርፊታቸውን መስበር ይጀምራሉ።

ዛሬ ጠዋት ማሞቂያውን የሚያዘው አሮጌ ኮምፒውተር አንዴ ጢስ ተፋና ዐረፈ።

ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልን፤ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልተን ዙሪያውን ደረደርን። ወንድሜ ላፕቶፑን አምጥቶ ከማሞቂያው ጋር አገናኘው። ኮሌጅ ከገባ ጀምሮ ፕሮፌሰር ነው የምለው፤ ይናደዳል፣ ግን ዞር ይላል። ችግሩ በፍላሽ ተቀምጦ የነበረው ፕሮግራም ነው። አባዬ እኔ ሳልወለድ ከአንድ መጽሐፍ ላይ እያየ የጻፈው ነው፤ ሰፈሩ «ኢንጂነር» የሚለውም በዚህ ነው። የጻፈበትን የድሮ ቋንቋ አዲሱ ላፕቶፕ አይገባውም። ስሙ ያው ነው፣ ቋንቋው ግን ታድሷል። ልክ እንደ አያትና የልጅ ልጅ፣ አንድ ቤት ተቀምጠው አይግባቡም።

«መቀየሪያ አለ» አለ ወንድሜ። «አሮጌውን ኮድ እሰጠዋለሁ፣ ራሱ አንብቦ ወደ አዲሱ ይቀይረዋል።»

«ማን አንብቦ?»

«ራሱ።»

«እኔ ዓይኔ እስኪጠፋ የለፋሁበትን?» አለ አባዬ። «መስመር በመስመር እናንብበው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«እስክናነብ ይበርዳቸዋል፣ አባዬ!»

አባዬ ጠርሙሶቹን በመዳፉ ነካካ። ለብ ብቻ ብለዋል። ወንድሜ ቁልፏን ተጫነ። እኔ አስነጥሼ አፍንጫዬን ሳልጠርግ አለቀ፤ ስህተት የለም ብሎ ጻፈ። ማሞቂያው ቀላ። ፕሮፌሰር እዚህ ክፍል ውስጥ ያለችው አንድ ወንበር ላይ፣ የአባዬ ወንበር ላይ፣ ተለጠጠ።

አሁን ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንትን እየነካ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ቀጭ አላለችም።»

«ምኗ?»

«ማሞቂያውን የምታጠፋዋ! ሠላሳ ሰባት ሲገባ ቀጭ ትላለች። ተኝቼ እንኳ እሰማታለሁ።»

«ጠብቂ። ስህተት የለም ብሏል እኮ።»

«እንቁላሎቹ አላሉም!»

ከወንበሩ ቀና ይላል። አባዬ ግን ቀድሞት ግድግዳው ጋ ደርሷል፤ የማሞቂያውን ሶኬት ጨብጧል።

«አትንቀለው!» ይላል ወንድሜ። «እየሠራ ካላየሁት የቱ ጋ እንደሳተ አላውቅም። ትንሽ ብቻ ስጠኝ።»

«ትንሽ ቆይተህ የተቀቀለ እንቁላል ነው የምትበላው!»

«ከነቀልከው እንደገና ከዜሮ ነው፣ አባዬ። ጠርሙሶቹም ቀዝቅዘዋል።»

አባዬ ወደኔ ይዞራል። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። «ያንቺ ናቸው» ይለኛል። «ልንቀለው?»

ወንድሜን አየዋለሁ። አይቀልድም፤ ጆሮዎቹ ሳይቀሩ ቀልተዋል።

«ይቆይ» እላለሁ።

ወንድሜ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ ቁጥሩን ያነባል። «ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት። ነጥብ ሦስት።» ድንገት ያቆማል። «አባዬ፣ ያንተ ፕሮግራም ነጥብ ያሳይ ነበር?»

«የምን ነጥብ? ሙሉ ቁጥር ነው እንጂ።»

የወንድሜ ጣት ስክሪኑ ላይ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አንድ ቦታ ይቆማል። «ይቺ መስመር ናት። ሦስት መቶ ሰባ ብሎ የሚመጣውን የሙቀት ቁጥር ለዐሥር የምታካፍለው። መቀየሪያው ሁሉን ሲለውጥ እሷን አልነካትም።»

«ካልነካት ምን አጠፋች?» እላለሁ።

«አሮጌው ቋንቋ ሲያካፍል ፍርፋሪውን ይጥላል። ሠላሳ ሰባት ከምናምን ሁሉ ለእሱ ሠላሳ ሰባት ነው። አዲሱ ፍርፋሪውንም ይይዛል። አባዬ ደግሞ ያለው ‹ሠላሳ ሰባት ሲሆን አጥፋ› ነው። ልክ እዚያች ላይ ካልያዘው ሹልክ ብሎ ያልፋል፤ ካለፈ ማን ያቆመዋል?»

አባዬ ሶኬቱን እንደጨበጠ ነው። «‹ሲያልፍም› ማለት ነበረብኝ» ይላል፤ ለራሱ ይመስላል።

«ነጥብ ስድስት» እላለሁ። «ሰዎች፣ ነጥብ ስድስት!»

ወንድሜ ይጽፋል፣ ይሳሳታል፣ ያጠፋል።

«ቀስ» ይላል አባዬ።

«አሁን ነው ቀስ?!» እጮሃለሁ።

ነጥብ ስምንት። መስታወቱ ያላበው በትንፋሼ አይደለም፤ ከውስጥ ነው። ወንድሜ የመጨረሻዋን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ይመታታል።

ቀጭ።

የማሞቂያው ቅላት ይደበዝዛል፣ ይጠፋል። ነጥብ ስምንት። ነጥብ ስምንት። ነጥብ ሰባት።

አባዬ ሶኬቱን ይለቃል። መጥቶ ወንድሜን በዳሌው ገፋ ያደርገዋል፤ ወንድሜ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዞ መልሶ ያስቀምጠዋል። በአንዷ ወንበር እኩል እኩል ይቀመጣሉ፣ የእያንዳንዳቸው ግማሽ ከውጭ ተንጠልጥሎ።

«ከላይ ጀምር» ይላል አባዬ። «ጮክ ብለህ።»

ወንድሜ ማንበብ ይጀምራል። እኔ ላቡ እስኪለቅ ጠብቄ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፋለሁ። ሁሉም እንዳስተኛኋቸው ናቸው፣ ምልክታቸው ወደ ላይ።

ከዳር ያለው ግን መስቀሉን ወደ ሳጥኑ ግድግዳ አዙሯል። እኔ አልነካሁትም፤ ከውስጥ ነው የዞረው።