አራተኛዋ ሯጭ

ጌጤነሽ የመጅቡሱን፣ የሥጋና የሩዙን ድስት ከፍታ ጭልፋውን ለሉብና አቀበለቻት። «ጨውዋን ቅመሺልኝ፣ እህቴ።»

አብራት የምትሠራው የወሎዋ ሉብና እፍ እፍ ብላ ቀመሰች። «ይበቃዋል። የጾም ቀን በመጣ ቁጥር የአንቺ ምላስ እኔ ነኝ፤ ይኼ ጾምሽ እኔን ሊያወፍረኝ ነው።»

ጌጤነሽ ፈገግ አለች፤ ልቧ ግን የዱቄት ጣሳውን ተደግፎ በቆመው ስልክ ላይ ነበር። አገር ቤት፣ የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ ቡድኑን ባለውለታዎች ያከብራል። ስሟ ሲጠራ የቪዲዮ ምስሏን እንድትከፍት ተነግሯታል። ኸይጣን ሰፈር ከምትኖር ጓደኛዋ ክፍል ሄዳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ልትታይ ነበር ሐሳቧ። ማዳም ግን እንግዳ ጠራችና የዕረፍት ቀኗን አዛወረችባት። እነሆ፣ በዚህ በኩዌት፣ በሱራ ሰፈር፣ በማዳም ማድ ቤት፣ በሥራ ልብሷ ላይ ሽርጥ አገልድማ ቆማለች።

በስልኩ ውስጥ የአዳራሹ ግድግዳ በፎቶግራፍ ተሞልቷል። በአንድ ጫማ ዓመታት ሮጦ ለቡድኑ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያመጣው ተስፋዬ ዐርፏል፤ በእርሱ ፈንታ እናቱ ሽልማቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። ከእርሳቸው ጎን አሠልጣኙ ጋሽ መንግሥቱ በለምለም ትከሻ ተደግፈዋል። ዓይናቸው ጠፍቷል። ለምለም በዱላ ቅብብሉ ለጌጤነሽ ዱላውን የምታቀብላት ሦስተኛዋ ሯጭ ነበረች፤ ዛሬ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች።

ጌጤነሽ ያን ሜዳ አሰበችው። የኪዳኑ ደወል ሲሰማ እነርሱ ጤዛው ባልረገፈበት መሮጫ ላይ ነበሩ፤ ትንፋሻቸው እንደ ጉም ይታይ ነበር። ጋሽ መንግሥቱ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመው፣ «ተቀባይ ወደ ኋላ አታይም! የባልንጀራዋን ድምፅ ትሰማለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ በቃ!» ይሉ ነበር።

«አራተኛዋ ሯጭ፣» አለ የመድረኩ መሪ፣ «በኩዌት ከተማ፣ ሚርቃብ፣ በቢሮ ሥራ ላይ የምትገኘው ጌጤነሽ።»

ይህን ማን እንደ ነገረው አታውቅም። ሰው ሲገምት ግን ሰምታ አላስተባበለችም ነበር።

«ሯጭ ነበርሽ?» አለች ሉብና። «አውቶቡስ ሊያመልጠን ሲል እንኳ ስትሮጪ አላየሁሽም።» ወዲያው የጌጤነሽን ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነጠላሽን ላምጣልሽ?»

«አይደርስም።»

ጣቷ ከስልኩ በላይ ተንጠለጠለ። ዝም ብትል መሪው ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል፤ ፎቶግራፏ በግድግዳው ላይ፣ የሚርቃቡም ቢሮ በሰው አፍ ላይ እንዳማረበት ይኖራል።

«ጌጤ፣ አለሽ?»

የጋሽ መንግሥቱ ድምፅ ነበር፤ አርጅቷል፣ ግን እርሱው ነው። በዚያ ድምፅ ተጠርታ ዝም ያለችበት ቀን የለም።

«አለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔ ማየቱን ከተውሁ ሰነበትሁ። ምን ለብሰሻል? ያን አረንጓዴ ቱታ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አዎ ብትላቸው ደስ ይላቸው ነበር። ጌጤነሽ ምስሏን ከፈተች።

«አይደለም፣ ጋሼ። የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። የሥራ ልብስ ነው የለበስሁት፤ ሽርጥም አድርጌያለሁ።»

ሳቁ ረገበ። ሉብና ጭልፋውን እንደ ያዘች ቀረች። ከሳሎን የእንግዶቹ ጨዋታ ብቻ ይሰማል።

«እጅሽስ?» አሉ ጋሽ መንግሥቱ።

«እጄ?»

«እጅሽ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?»

«እርጥብ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጥረጊው እንጂ። ዱላ በእርጥብ እጅ ያዳልጣል።»

በየማለዳው በጤዛው ላይ የሚሏት ይህንኑ ነበር።

ጌጤነሽ ሁለት እጆቿን በሽርጧ ጠረገች፤ መዳፏን፣ የጣቶቿንም መካከል። ከዚያም ጀርባዋን ለስልኩ ሰጠች። ጉልበቷ ሳታዝዘው እንደ ዱላ ተቀባይ ሸብረክ አለ። ፊቷን ወደሚንተከተከው ድስት አድርጋ ቀኝ ክንዷን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ መዳፏንም ከፈተች።

ከኋላዋ፣ በስልኩ ውስጥ፣ በመድረኩ ሳንቃ ላይ፣ የለምለም እርምጃ እየፈጠነ ሲመጣ ሰማች።

«ያዢ!»