ገላፊ ላይ የቆሙት ፍየሎች

«ንጌ፣ ቶሎ በይ! ምን ልበላቸው?»

መልእክቱ ሲደርሳት ንጋትወርቅ ፋይሏን ታቅፋ የአቶ ስዩም ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ወረቀት ቢጠየቅ ብለው ነው ከቢሮ ያስጠሯት። የላከላት የሥራ ባልደረባዋ ኡራኤል ነው። እሱ ያለው ከግድግዳው ወዲያ፣ ወንዶቹ ከምሳ በኋላ ጫት ይዘው በሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ነው።

የሚሠሩበት የቁም እንስሳት ላኪ ድርጅት ትልልቅ ጉዳይ የሚቆረጠው እዚያ ፍራሽ ላይ እንጂ ቢሮ ውስጥ አይደለም። ሴት አትግባ ያለ ሰው የለም። ብቻ ገብታ የምታውቅ ሴት የለችም።

የድርጅቱ ባለቤት የአቶ ስዩም ድምፅ በመስኮቱ ወጣ። «አራት መቶ ፍየል ገላፊ ድንበር ላይ ፀሐይ እየፈጀው ነው! ዛሬ ያስለቀቀልኝ ሰው የኤክስፖርት ኃላፊ ይሆናል። አለቀ ደቀቀ።»

ልቧ ዘለለ። ለዚህ ቦታ ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለቱንም ጊዜ «ይታያል» ተብላለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰነዱን ስታዘጋጅ የኖረችው እሷ ናት። ኡራኤል ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ የጉምሩክ ወረቀት ግን ዛሬም ይምታታበታል። ፍየሎቹን የጫኑት መኪኖች ኬላው ላይ ለምን እንደቆሙ ከእሷ በቀር የገባው የለም። መንገድ ላይ፣ ሰርዶ ከተማ፣ ሁለት ፍየሎች ሞተው ወርደዋል፤ ስለዚህ የጤና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከመኪናው ጭነት ጋር አልገጠመም። የሰርዶው የእንስሳት ሐኪም መሞታቸውን በጽሑፍ ካረጋገጠ ነገሩ ያበቃል።

ስልኳ ደግሞ ጮኸ። «ኧረ በናትሽ! እያዩኝ ነው።»

ዝም ብትል ፍየሎቹ በውኃ ጥም ያልቃሉ። ብትጽፍለት ደግሞ ወንበሩን በገዛ እጇ አስረከበችው ማለት ነው። ስልኩን ኪሷ ከተተች፤ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አንዱ ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳች፤ የሐኪሙን ስልክ ቁጥር ሳይቀር በቃሏ ተናገረች።

የአቶ ስዩም ፊት በራ። «እሰይ የኔ ልጅ! ተባረኪ!» አሉና ወደ ኡራኤል ዞሩ። «ሰማህ አይደል? በል ደውል። ሾፌሮች የሴት ትእዛዝ አይሰሙም።» ከዚያ ለእሷ፣ ለስለስ ብለው፣ «በዚህ ሐሩር ገላፊ ድረስ መመላለስ ላንቺ ይሆናል? ላንቺው ብዬ እኮ ነው።»

ቢቆጧት መልስ ነበራት። ለምርቃት ግን ምን ይመለሳል? «እሺ፣ ጋሼ» ብላ ወጣች።

ውስጥ ኡራኤል በስልክ ይንተባተባል። ጥቂት ቆይቶ «እንኳን ደስ አለህ!» የሚል ጫጫታ ተሰማ።

ጫማዋን አጥልቃ ሳትጨርስ ስልኳ ጠራ። ገላፊ ያለው ሾፌር ቃሲም ነው። ከኋላው ፍየሎች ይጮኻሉ።

«ንጋት፣ አንዱ አዲሱ ኃላፊ ነኝ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ወላሂ፣ ካለው አንዱም አልገባኝም። እንስሳቱ መውደቅ ጀምረዋል። አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?»

ልትዘጋው ፈለገች። ከልቧ ፈለገች። አውራ ጣቷ ቀዩ ምልክት ላይ እንዳለ የፍየሎቹን ጩኸት ሰማች።

«እስክሪብቶ ይዘሃል?» አለችው።